የደጋ ሱቅ

አባቴ በሽማግሌ ፊት ከሳቀ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ታላቅ እህቴ ዲቦራ ስትጠየቅ ከሳሎን የተሰማው ጉሮሮ መጥረግ ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ ተድራለች። እኔ በተጠየቅኩበት ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ያለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ የለስላሳ ጠርሙስ እየከፈትኩ ሳለሁ የአባቴ ሳቅ ግድግዳውን አልፎ መጣ። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ አየችኝ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«ጌታ ይመስገን። እንዲህ ከሳቀ ስንት ጊዜው!»

እኔ ግን ማመስገን አልቻልኩም። ፈራሁ። አባቴ አቶ ሶፎንያስ ቴምቢሳ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሌሎችን የሚመክር ሰው ነው። ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከው እዮኤል የሚሸጠው ካናቢስ ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች አገናኝቶ ሳቅ የሚያወጣ ሽማግሌ በምድር ላይ አለ ብዬ አላምንም ነበር።

እዮኤል የሚሠራው ከድራከንስበርግ ተራሮች ሥር ባለች አንዲት መንደር ካሉ ሴቶች ጋር ነው። ሴቶቹ ክብ የሣር ቤቶቻቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ፣ የዶቃ ሥራ ያስተምራሉ፣ ፈረስ ያስጋልባሉ፣ ምግባቸውን ያቀምሳሉ፤ በጓሯቸው ያበቀሉትንም ያስጎበኛሉ። የሳምንቱን ግማሽ እሱ እዚያ እንግዳ ሲመራ ይቆያል። በቀረው ጊዜ ደግሞ ጆሃንስበርግ፣ ሜልቪል ውስጥ፣ ሴቶቹ ያመረቱትን ለተመዘገቡ አባላት የምታቀርብ አንዲት ትንሽ ሱቅ ይጠብቃል። ሳሙና አለ፣ ቅባት አለ፣ ሰው የሚመጣው ግን ለቅጠሉ ነው።

«ለሽማግሌው ሁሉንም ንገራቸው፤ አንድ ነገር እንዳትደብቅ» ብዬው ነበር። «ነግሬያቸዋለሁ፤ ችግር የለውም ብለውኛል» አለኝ። ታዲያ አባቴ እንዴት ሳቀ?

ትንሽ ቆይቶ «ልጁን እንየው» ተባለና ውጭ መኪናው ውስጥ ሲጠብቅ የነበረው እዮኤል ተጠርቶ ገባ። እኔም ትሪውን ይዤ ከኋላው ገባሁ። ግራጫ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ካልሲዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ያን ቀን ከሁሉ በፊት ያየሁት እነሱን ነው። ሽማግሌው ጋሽ ሀቢሶ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠው ሥራው እንደተሳካለት ሰው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ጋሽ ሀቢሶ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ ለረጅም ዓመት ሱቅ የነበራቸው የሀዲያ ሰው ናቸው። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው፤ የሚናገሩት ግን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ነው።

«ና፣ ና ተቀመጥ» አለው አባቴ። «ጋሽ ሀቢሶ ሁሉንም ነግረውኛል። የደጋ ሱቅ አለህ አሉ።»

«አዎ፣ አለኝ» አለ እዮኤል። ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

«እኔም እኮ የደጋ ልጅ ነኝ። ይህ ከተማ ሜዳ ነው፤ ቀና ብለህ የምታየው የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ነው። የደጋ ሥራ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ሰው የሚያኮራ ሥራ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው።» አባቴ እንደ ልጅ ወደ ፊት አዘነበለ። «ማር አለህ? የደጋ ማር?»

እዮኤል ቀና አለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ እሱም እንደገባው ፊቱ ላይ አየሁ።

በአማርኛ ለዚህ ቅጠል ያለው ስም ሁሉ ፖሊስ ፖሊስ ይላል። ሐሺሽ ብትሉት ወንጀል ነው፤ ዕፅ ብትሉት ራዲዮ ላይ የሚነገር ምክር ነው። ስለዚህ እዮኤል እዚህ አገር ጋዜጣ ላይ የሚጻፈውን ስም ተጠቅሟል፤ ዳጋ። ሳሎናችን ውስጥ የደረሰው ግን ደጋ ሆኖ ነው። አባቴ ሊድረኝ የተነሳው ተራራ ላይ ብርድ ልብስና ማር ለሚነግድ ሰው ነበር።

እዮኤል አየኝ። እኔም አየሁት። ራሴን ነቀነቅኩ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ።

አንድ ቃል ብቻ ይበቃው ነበር። «አለ» ቢል፣ ወይም «አመጣለሁ» ቢል፣ ቀለበቱ በወሩ ይታሰር ነበር። ያን ቀን እኔን በእጁ ለማስገባት ከአንድ ጠርሙስ ማር በላይ አላስፈለገውም።

«ማር የለኝም፣ አባቴ» አለ። ድምፁ ቀስ ብሎ ወጣ። «ደጋ አላልኩም። ዳጋ ነው ያልኩት። እዚህ ሰፈር ንሳንጉ የሚሉት።»

ንሳንጉን አባቴ ያውቀዋል። ቴምቢሳ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ይህን የዙሉ ቃል የማያውቅ ሰው የለም። ጉልበታቸውን ሲያሹ የነበሩት የጋሽ ሀቢሶ እጆች ባሉበት ቀሩ።

«የሚጨሰው?» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ሕጋዊ ነው?»

«ማብቀሉና በቤት ውስጥ መጠቀሙ ተፈቅዷል። የመሸጡ ነገር ገና አልጠራም። እኛ በአባልነት ነው የምንሠራው። ፖሊስ ዝም የሚልበት ቀን አለ፣ ዝም የማይልበትም ይኖራል።»

«የመኖሪያ ወረቀትህስ?»

«የጥገኝነት ነው። በየጊዜው አሳድሳለሁ።»

አባቴ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሽ ሀቢሶ፣ ይጸልዩልንና እንለያይ።»

በእኛ ቤት የመዝጊያ ጸሎት የሚጸለየው ከተበላ በኋላ ነው። እናቴ የሠራችው ምግብ ገና ከድስቱ አልወጣም። ከምግብ በፊት መዝጊያ ከተጸለየ እምቢ ተብሏል፤ በጨዋ ደንብ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ማንም ሳይሰደብ። ጋሽ ሀቢሶ ግራ ሲገባቸው እንደሚያደርጉት በሀዲይኛ ጸለዩ። የገባኝ «አሜን» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱንም ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

*

በር ላይ ደረስኩበት። ባኪ የሚሉትን የድሮ ፒካፕ መኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል፤ የጭነቱ ቦታ ላይ ለመንደሯ የገዛው የቆርቆሮ ጣሪያ ታስሯል።

«ለምንድን ነው ራስሽን የነቀነቅሽው?» አለኝ።

«እንዴት ለምን?»

«ዝም በል እያልሽኝ ነበር። አየሁሽ እኮ። ማር አለኝ ብዬ እንድዋሻቸው ፈልገሽ ነበር።» እጁን ፀጉሩ ውስጥ አስገባ። «አፍረሽብኛል፣ ፅናት። ተራራ ላይ ስትሆኚ ትወጂኛለሽ። አባትሽ ሳሎን ስትገቢ ታፍሪብኛለሽ።»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስለት እችል ነበር። «አይደለም በላቸው» ማለቴ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው፤ አጭር ነው። ነገር ግን እኔም በልቤ የያዝኩት ነገር ነበረኝ፤ እሱ ቀድሞ ወጣ።

«ሲሪየስሊ? እኔ ነኝ የምዋሸው? ጋሽ ሀቢሶን ደጋ ብለህ የላክሃቸው አንተ አይደለህ? ቃሏን መርጠህ፣ አሳምረህ! ማሩ ሲመጣ ነው የደነገጥከው።»

«እኔ እንዲህ የማስብ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ጋሽ ሀቢሶ ከየት አመጡት?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ቁጣ ቢሆን አብሬው እቆጣ ነበር። ያየሁት ግን ድካም ነው፤ ከዳጋው ሥራ በፊት ቮስሎሩስ የነበረው ሱቁ የተዘረፈበትን ቀን ሲያወራልኝ የነበረው ዓይነት።

የመንደሯን አሮጊት አንስቶ «ጎጎ ሲቢያ ዛሬ እንግዶች አሉባት፤ ልሂድ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተነሳ። የቆርቆሮው መንኳኳት መንገዱ ጫፍ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ይሰማኝ ነበር። ሰው እያለ የሚናፈቀው እንደዚህ ነው ለካ።

*

እኔና እዮኤል የተዋወቅነው በእግሩ ምክንያት ነው። የምሠራው ሳንድተን ውስጥ ባለ የኢንሹራንስ ቢሮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተጋጨ መኪና ታሪክ በስልክ እሰማለሁ። የቢሮ ጓደኞቼ ለረጅሞቹ የዕረፍት ቀናት ተራራ እንውጣ ብለው ገንዘብ አዋጡ፤ እኔም ለፈረሱ ብዬ ሄድኩ። አስጎብኚያችን ከጎጎዎቹ፣ ከመንደሯ አሮጊቶች ጋር በዙሉ፣ ከእኛ ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወራ አንድ ፈረስ እግሩ ላይ ቆመበት። «ወይኔ እግሬን! ውረድልኝ አንተ!» አለ በጠራ አማርኛ። ሌላው ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ እኔ ብቻ ሳቅኩ። ያኔ ፈረሱን ረስቶ እኔን አየ።

ሁለተኛ ጊዜ ለፈረሱ ብዬ አልሄድኩም። ጎጎ ሲቢያ የመንደሯ ሴቶች የሚሰሟት አሮጊት ናት፤ አጠገቧ አስቀምጣ ዶቃ ስታሰካኝ እዮኤል ከእንግዶቹ ጋር ወደ ጓሮው ወርዶ ሲያስረዳ እሰማዋለሁ። የሚያጨስ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ። «አልወድም፤ ያስለኛል» አለኝ። ይህን ሰው ነው ያጣሁት ብዬ ሳስብ ቢሮዬ ውስጥ ስልክ ላይ ያለ አንድ ደንበኛ ሁለቴ «አለሽ?» ብሎ ጠይቆኛል።

*

በሽምግልናው ማግስት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ሀቢሶ አልታዩም። በሳምንቱ መሐል፣ ፈቃድ ወስጄ አባቴን ሱቅ በማግዝበት ቀን ግን ሱቃችን ድረስ በታክሲ መጡ። ሱቃችን እንደ ሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ከፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ደንበኛ ውጭ ቆሞ በቀዳዳው ይገዛል፣ ውስጥ የሚገባ ቤተሰብ ብቻ ነው። ጋሽ ሀቢሶን አስገብቼ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጥኳቸው። አባቴ መደርደሪያው ላይ ሳሙና እየደረደረ ጀርባውን እንደሰጠን ነው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልጄ» አሉ። «እንቅልፍ የለኝም።»

«ምን አጠፉ?»

«ልጁ በስልክ ነገረኝ። ዳጋ አለኝ። እኔ ደጋ ሰማሁ። እኛ ሰፈር ደንበኛው ዳኻ ነው የሚለው፣ ወይ ንሳንጉ ይላል። ዳጋ ብሎ የሚጠራው ሰው እንዳለ ከየት ላውቅ? ደጋ ነው ያልከው? አልኩት። አዎ ዳጋ አለኝ። ተራራ ላይ? አልኩት። አዎ ተራራ ላይ አለኝ። ይኸው ተግባባን ብለን ስልኩን ዘጋን።»

«ምንም አልደበቀዎትም?»

«ምኑን ይደብቃል! እንደውም፣ ‹አባቷ ይቆጡ ይሆን?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹በደጋ የሚቆጣ ሰው አለ ወይ?› አልኩት። ምን ያህል ደስ ያለው መሰለሽ።»

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ሲቀየር ፊቴን ወደ ዱቄቱ ማዳበሪያ አዞርኩ። ያ ሰው አባቴ አውቆ የተቀበለው መስሎት፣ የተለያዩ ካልሲዎቹን አድርጎ፣ በደስታ ነው የመጣው። በር ላይ ቆሜ ውሸታም ያልኩት እሱን ነው።

ጋሽ ሀቢሶን ሸኝቼ ከሱቁ ጀርባ ወጣሁና ስልኬ ላይ ድምፄን ቀዳሁ። «እዮኤል፣ ጋሽ ሀቢሶ ሁሉንም ነገሩኝ። በድዬሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ራሴን የነቀነቅኩት ዝም በል ለማለት አይደለም። ‹አይደለም በላቸው› ማለቴ ነበር። እንዳትዋሽ ፈርቼ ነበር፤ አልዋሸህም። ካየሁህ ጀምሮ እንደዚያች ቀን ወድጄህ አላውቅም። ና።» ላክሁት። ተራራው ላይ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው የሚመጣው፤ መልእክቱ እስኪደርሰው ውሎ አደረ። ስልኬ ደርሶታል ይላል። ሰምቶታል ግን አይልም። በየሰዓቱ እያየሁ የስልኬን ባትሪ ጨረስኩ።

*

ከአባቴ ጋር የተነጋገርነው በዚያው ጋሽ ሀቢሶ በመጡበት ቀን ነው። ነገሩን ሁሉ ሰምቷል፤ ሳሙናው ተደርድሮ ካለቀ በኋላም እንደገና ሲደረድረው ነበር።

«ሰማህ አይደል፣ አባዬ? ሊያታልልህ አልመጣም።»

«ሰማሁ። ጨዋ ልጅ ነው። እኔ ጨዋ አይደለም አላልኩም።»

«ታዲያ?»

መልስ ሳይሰጠኝ አንድ ደንበኛ ፍርግርጉ ጋ ደረሰ። «ሳውቦና፣ ባባ» ብሎ ሰላምታ ሰጠና ዳቦና የሚጠቀለልበትን ወረቀት ጠየቀ። አባቴ ዳቦውን አነሳ፤ ወረቀቱን ደግሞ ሳያይ፣ እጁ በለመደው መንገድ፣ ከጀርባው ከተሰቀለበት ነቅሎ ሰጠው። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። እኔም እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ነው ያደግኩት፤ እጄ ከዚያ ማንጠልጠያ ስንት ወረቀት እንደነቀለ ጌታ ያውቃል። አስቤበት አላውቅም ነበር።

«አባዬ፣ ይህ ወረቀት ለምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«አሁን የሸጥከው። ምን ይጠቀለልበታል?»

«ትምባሆ የሚጠቀልሉ አሉ።»

«ማን? ከደንበኞቻችን አንዱን ስም ጥራልኝ።»

አንድ ሳሙና አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«እዮኤል ቅጠሉን ይሸጣል፤ አንተ ልብሱን ትሸጣለህ። እሱ ስሙን ጠርቶ ፊትህ ተናገረ። አንተ ግን...» አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። «አንተ ግን ‹ትምባሆ የሚጠቀልሉ አሉ› ትላለህ።»

አባቴ ወደ ማንጠልጠያው ዞረ። ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ከባንኮኒው ሥር ያልተከፈቱትንም ካርቶኖች አወጣ። ሁሉንም ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከትቶ በጀርባ በር ወጣ፤ የቆሻሻው በርሜል ክዳን ሲመታ ሰማሁ። ተመልሶ እጁን በሳሙና ታጠበ።

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አለኝ። «ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም።»

አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ።

«እስከ ዛሬ እምቢታዬ ግማሽ ነበር» አለ እጁን እያደራረቀ። «አሁን በንጹሕ እጅ እምቢ ማለት እችላለሁ።»

«አባዬ!»

«ስሚኝ። የምፈራው እግዚአብሔርን ብቻ መስሎሻል። አንድ ቀን ያችን ሱቅ ይዘጋሉ። እሱ ደግሞ በየጊዜው የሚታደስ ወረቀት የያዘ ሰው ነው። ወደ አገሩ ሲመልሱት አንቺ ምናልባት ልጅ አዝለሽ አንድ ቢሮ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ያን ወረፋ እኔ ቆሜበታለሁ፤ አውቀዋለሁ። ልጄን እዚያ ወረፋ ላይ በእጄ አላቆማትም።»

በዚያች ሰዓት ልጠላው በጣም ፈልጌ ነበር። ፎጣውን በምስማሩ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲሰቅለው አየሁትና አልቻልኩም።

*

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት «አይኮ» የተባለባቸው ናቸው። ደንበኛ ይመጣል፣ ወረቀት ይጠይቃል፣ አባቴ «አይኮ» ይላል፤ በዙሉ የለም ማለት ነው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ዳቦውንም ትቶ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሻገራል። እናቴ «ሰውየው ሱቁን ሊዘጋ ነው» ብላ እኔን ትገላምጠኛለች። አባቴ ግን «አይኮ» ሲል ትከሻው ቀና ይላል። እኔም በየቀኑ የበለጠ እያከበርኩት፣ በየቀኑ የበለጠ ተስፋ እየቆረጥኩ ሄድኩ። ከእዮኤል ምንም የለም። መልእክቴ እንደደረሰ ነው፤ እንዳልተሰማ ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፍርግርጉ ጋ አንድ ሰው ቆመ። ደንበኛ መስሎኝ ቀና ሳልል «ሳውቦና» አልኩ።

«ዬቦ» ብሎ ሰላምታዬን መለሰልኝ፤ እዮኤል ነው።

የያዝኩት የእንቁላል ካርቶን ባንኮኒው ላይ መቀመጡን እንጂ እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። ሽማግሌ አልያዘም፤ ብቻውን ነው። ዓይኔ ላይ ብዙ አልቆየም፤ ወደ አባቴ ሄደ።

«እንደምን አሉ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባቴ። በሩን አልከፈተም። «ምን ልስጥህ?»

«እምቢታዎን ልሰማ ነው የመጣሁት። ያን ቀን በጸሎት ነገሩኝ፤ ጸሎቱም በሀዲይኛ ነበር። እኔ ደግሞ ሀዲይኛ አልችልም።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሱቁን ዘጋኸው?»

«አልዘጋሁትም። ዘግቼ መጣሁ ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር። እነዚያ ሴቶች ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱት እኔን አምነው ነው። ጓሮውን ሊያይ የሚመጣው ሰው ነው ዶቃውንም የሚገዛው፣ ቤቱንም የሚከራየው። አሁን ጥያቸው ብመጣ፣ ነገ ልጅዎንም የማልጥልበት ምክንያት የለም።»

«ቢያስሩህስ?»

«ሊያስሩኝ ይችላሉ። አይችሉም ብዬ አልዋሽዎትም። ለሕጋዊው ፈቃድ አመልክተናል፤ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።»

አንዲት ሴት መጥታ ስኳር ገዛች። አባቴ መልሱን ቆጥሮ ሰጣትና እስክትርቅ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ አባቴ ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ።

«አንድ ነገር ንገረኝ። ያን ቀን ልጅቷ በእጅህ ነበረች። እኔ ስቄ ነበር። ለምን ዝም አላልክም?»

እዮኤል ወደ ፍርግርጉ ጠጋ አለ። «ማር ስለጠየቁኝ ነው» አለ።

«ማር?»

«ማር የለኝማ። አለ ብል ከሌላ ሱቅ ገዝቼ ላመጣልዎት ነው። ሲያልቅ ሌላ ይሉኛል። ዕድሜ ልኬን ማር እየገዛሁ፣ የደጋ ነው እያልኩ ሳመጣልዎት ልኖር ነው። እርስዎም ‹ይጣፍጣል› እያሉ ይበላሉ። ፅናት ደግሞ በመካከላችን ተቀምጣ ታየናለች። ያን አልቻልኩትም።»

አባቴ ዞሮ መደርደሪያውን ማየት ጀመረ፤ ያየው የነበረው ግን ባዶውን ማንጠልጠያ ነው። እኔ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋሁ።

«መልእክቴ ደረሰህ?»

«ደርሶኛል።»

«ለምን አልሰማኸውም?»

«በቃኝ ያልሽኝ መስሎኝ ነዋ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ከሰማሁት አልመጣም። መጀመሪያ ልምጣ፣ ልናገር፣ ከዚያ በቃኝ ትበለኝ አልኩ።»

«እንግዲህ ስማው» አልኩት።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። የራሴን ድምፅ ከብረቱ ማዶ እንደ ዝንብ ጥዝዝታ እሰማዋለሁ፤ ቃሉ አይለይም፤ ፊቱ ላይ ግን ቃል በቃል አነበብኩት። ይቅርታው ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ «አይደለም በላቸው» የሚለው ጋ መድረሱን አወቅኩ። ቀስ ብሎ፣ መጠየቅ የፈራውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው አየኝ። እንደዚያ ነበር? ማለቱ ነው።

ራሴን ነቀነቅኩ። በዚህኛው ጊዜ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ደግሜ፣ ደጋግሜ፣ የሚሳሳትበት ቀዳዳ እንዳይቀርለት።

ከኋላዬ የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ የበሩን ቁልፍ ከቀበቶው ፈትቶ ዘረጋልኝ።

«ክፈቺለት።»

«አባዬ?»

«እሺ አላልኩም» አለ፤ ፊቱን ወደ ሳሙናዎቹ አዙሮ። «ክፈቺለት ነው ያልኩት። ሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ደንበኛ ምን ይላል?»

እዮኤል አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የቆምኩት ከውስጥ ነው። አባቴም ይህን በደንብ ያውቃል። ቁልፉን ተቀበልኩትና ወደ በሩ ሄድኩ፤ እንባዬ ቀዳዳውን ጋርዶብኝ ለመክፈት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ከብረቱ ማዶ ያለው ሰው ግን አልቸኮለም።